ክፍተቱ በሁለት ሰው መሃል ነው፦ የራግቢ መከላከልን አብሮ መገንባት

ራግቢ ማየት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው ታክል ላይ ነው። አንዱ ኳስ ታቅፎ ሲምዘገዘግ፣ ሌላው ወገቡን ጨብጦ መሬት ላይ ሲዘረጋው፣ ከዚያ የተመልካቹ ጩኸት። እኔንም ወደ ጨዋታው የጎተተኝ እሱ ነው፣ አልዋሽም። ግን ጥቂት ወራት ከተጫወታችሁ ወይም ልምምድ ከመራችሁ በኋላ ሌላ ነገር ማየት ትጀምራላችሁ። ትራይ (ኳሱን ይዞ ገብቶ ከግብ መስመራችሁ ኋላ መሬት ማስነካት) የሚቆጠርባችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ታክል ስላቃተው አይደለም። አጥቂው ያለፈው በሁለት ሰው መሃል ነው። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ቆመ። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ኳሱ ወዳለበት፣ አየ፣ ሌላው ወደ ውጭ፣ ወደ ሜዳው ዳር። ሁለቱንም ለየብቻ ብታዩዋቸው ጎበዝ ተከላካዮች ናቸው። ችግራቸው አለመተዋወቃቸው ነው።

ይህ መመሪያ ቡድን ለሚያሰለጥኑም፣ መስመሩ ውስጥ ለሚቆሙም ነው። ስለ ታክል አቋም ብዙ አልልም። የማወራው ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንዴት እንደ አንድ ሰው ማሰብ እንደሚጀምሩ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በእ.ኤ.አ. ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የራግቢ ሜዳ ስፋት እስከ 70 ሜትር ይደርሳል። 15 ተጫዋች አላችሁ። ሁለት ወይም ሦስቱ፣ ተጋጣሚ ኳሱን በእግር ቢመታስ ብለው ከኋላ ይቀራሉ። አንዱ ታክል አድርጎ ገና መሬት ላይ ነው። የቀሩት 11 ወይም 12 ሰዎች ያንን 70 ሜትር ይካፈላሉ፤ ለአንድ ሰው ወደ 6 ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚመጣን ሯጭ 6 ሜትር ላይ ብቻውን ሁልጊዜ የሚይዝ ሰው የለም። ስለዚህ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹ ያንን ቦታ ሊያጠቡለት ይገባል። የሚያጠቡትም በመጠጋጋት ብቻ አይደለም፤ አንድ ላይ ወደ ፊት በመውጣትም ነው። ራግቢ ላይ ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ስለሆነ፣ እናንተ አንድ እርምጃ በወጣችሁ ቁጥር አጥቂው የሚያስብበት ጊዜ ያጥርበታል።

ሕጉ መነሻችሁን አንድ ያደርግላችኋል። ራክ ሲፈጠር፣ ማለትም ኳሱ መሬት ላይ ሆኖ ከሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች ሲገፋፉበት፣ ሌላው ተከላካይ ከራሱ ወገን የመጨረሻ እግር ኋላ መሆን አለበት። ስክረም ላይ፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ፊተኞች ተቃቅፈው ሲገፋፉ፣ ከስክረሙ ውጭ ያሉት 5 ሜትር ይርቃሉ፤ ላይን አውት ላይ፣ ማለትም ወደ ውጭ የወጣ ኳስ ከዳር ሲወረወር፣ ደግሞ 10 ሜትር። መነሻው የጋራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተነሱ በኋላ ነው። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ከወጣ መስመሩ ይታጠፋል፣ በታጠፈበት ቦታ በር ይከፈታል፣ ጥሩ ፍላይሃፍ (ማጥቃቱን የሚመራው 10 ቁጥር) ደግሞ ያንን በር ከሩቅ ያሸተዋል።

መተዋወቅ ምን ያህል ይጠቅማል?

በ2008 የስድስቱ አገራት ውድድር የአሰልጣኝ ዋረን ጋትላንድ ዌልስ የመጀመሪያ ጨዋታዋን የገጠመችው እንግሊዝን ነበር፣ ያውም በእንግሊዝ ሜዳ፣ በትዊክንሃም። ዌልስ እዚያ ሜዳ ላይ ካሸነፈች 20 ዓመት ሆኗት ነበር። አሰልጣኙ አዲስ፣ የልምምድ ጊዜው አጭር። ሰውየው ምን አደረገ? ከቋሚዎቹ 15 ተጫዋቾች 13ቱን ከአንድ ክለብ፣ ከኦስፕሬይስ፣ አሰለፈ። እረፍት ላይ 16 ለ 6 እየተመሩ ነበር። ጨዋታው 26 ለ 19 በዌልስ አሸናፊነት አለቀ። አምስቱንም ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ሲያነሱ የተቆጠረባቸው ትራይ 2 ብቻ ነበር።

በርግጥ የመከላከል አሰልጣኙ ሾን ኤድዋርድስ ነበር፤ ከራግቢ ሊግ፣ ከሌላኛው የራግቢ ዓይነት፣ የመጣ፣ የተቆጠረበትን እያንዳንዱን ትራይ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር የሚመስል ሰው። ቀጥለው በመጡት ጨዋታዎች አሰላለፉም ተቀያይሯል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ለክለብ ጓደኝነት መስጠት ማጋነን ይሆናል። ግን አዲስ አሠራር በጥቂት ቀን ማስተማር ያለበት ሰው መተዋወቁን ከክለብ መበደሩ ብልጠት ነው።

ሌላው ምሳሌ የኒውዚላንዶቹ ማአ ኖኑና ኮንራድ ስሚዝ ናቸው። ሁለቱ በመሃል ሜዳ፣ በ12 እና በ13 ቁጥር፣ ለአገራቸው ከ60 ጊዜ በላይ አብረው ተሰልፈዋል። በክለብም ሀሪኬንስ ውስጥ አብረው ኖረዋል። የ2011ንም የ2015ንም የዓለም ዋንጫ ሲያነሱ አብረው ነበሩ። 13 ቁጥር የሚቆምበት ቦታ በመከላከል ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ውጩ ይከፈታል፣ ከቆየ ውስጡ ይከፈታል፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ ደግሞ ዐይን እስኪርገበገብ ነው። ስሚዝ እዚያ ቦታ ላይ ሲወስን ኖኑ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። አጠገቡ በየሳምንቱ የሚቀያየር ሰው ቢኖር ኖሮስ?

ተቃራኒውን ማየት ከፈለጋችሁ ባርባሪያንስን ተመልከቱ። ከ1890 ጀምሮ ያለ፣ ተጫዋቾችን ከየቦታው እየጋበዘ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሰበስብ ቡድን ነው። ጨዋታቸው ደስ ይላል፤ ትራይ ያገባሉ፣ ትራይ ይገባባቸዋል። ማጥቃት በችሎታና በድፍረት እዚያው ሊፈጠር ይችላል። መከላከል ግን እንዲህ በአንድ ሳምንት አይገጣጠምም።

ሦስት ሦስት አድርጉ

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ አሰልጣኝ መከላከልን ሲያለማምድ 15ቱን በአንድ ጊዜ ያሰልፋል። ያምራል፣ ግን ማንም አይማርም። መስመሩን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ከፋፍሉት። መሃለኛው ሁለት ጎረቤት አለው፣ የዳር ያሉት አንድ አንድ አላቸው፣ ሦስቱም መሃለኛውን አይተው ይንቀሳቀሳሉ። በጨዋታ ቀን ጎን ለጎን የሚቆሙትን ነው አብራችሁ የምታሰለጥኑት። በተለይ 12፣ 13 እና የዳሩ ዊንግ ሦስቱ መለያየት የለባቸውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገመድ አስይዟቸው። ቀልድ አይደለም። ሦስቱ አንድ ገመድ በእጃቸው ይዘው፣ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ ወደ ፊት ይውጡ። ገመዱ ከተወጠረ ወይም ከተንዘላዘለ የሆነ ሰው ቀድሟል ወይም ቀርቷል። ንግግር ሳያስፈልግ ሁሉም ጥፋቱን በእጁ ይሰማዋል። ከዚያ ገመዱን ጣሉና ወደ 15 ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ሦስት ተከላካይ በአራት አጥቂ ላይ አጫውቱ። አጥቂው በቁጥር መብለጡ ሆን ተብሎ ነው። ሦስቱ ተከላካዮች አራተኛውን ሰው ማቆም የሚችሉት ኳሱ እሱ ጋ እንዳይደርስ በማድረግ፣ ወይም ወደ ዳር መስመሩ እየገፉ ቦታ በማሳጣት ነው። የዳር መስመር የማይደክም፣ ታክል የማይስት ተከላካይ ነው።

እነዚህን ሦስቶች ለጥቂት ሳምንታት አትንኳቸው። አሰልጣኝ መቀያየር ይወዳል፤ ታገሱ።

ከጎንህ ስላለው ሰው ማወቅ ያለብህ

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። መተዋወቅ ማለት ስም ማወቅና አብሮ መሳቅ አይደለም። የሚያስፈልገው የሰውየው አካል ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 5 ሜትሮች እንዴት ይወጣል? መስመሩ የሚሄደው በቀርፋፋው ሰው ፍጥነት ነው፤ ካልሆነ ይሰበራል። ትልቁ የፊት መስመር ተጫዋች አጠገብ የቆመ ፈጣን ልጅ ፍጥነቱን ዋጥ ማድረግ መማር አለበት፤ ይህ ለፈጣን ልጆች ከባድ ነው፣ ስድብ ይመስላቸዋል። የትኛው ትከሻው ይበልጣል? ብዙ ሰው በቀኝ ትከሻው ጎበዝ ሆኖ በግራው ይፈራል። ጎረቤትህ በግራው ደካማ ከሆነና አንተ በግራው ከቆምክ ትንሽ ጠጋ ትልለታለህ። መሬት ከወደቀ በኋላ ለመነሳት ምን ያህል ይቆያል? ዐይኑ ወዴት ይሰረቃል? ኳስ ያለበትን ሰው ሲያይ የራሱን ሰው ትቶ ወደዚያ የሚሮጥ አለ፤ ሁሉም ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ አለ። ያንን ሰው ማረም አለባችሁ፣ እስኪታረም ድረስ ግን ጎረቤቱ ማወቅ አለበት።

ሲደክም ምን ይሆናል? እኔ ሲደክመኝ አፌ ይዘጋል። ይህን ያወቅኩት አብሮኝ የሚቆም ልጅ ነግሮኝ ነው፤ ለራሴ ስጮህ የዋልኩ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ስል ስሜን እየጠራ ይቀሰቅሰኝ ጀመር፣ ያኔ ነው መከላከል የገባኝ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ሦስቱ ይቀመጡና እያንዳንዱ ስለራሱ ሁለት ነገር ይናገር፦ አንድ የሚያስተማምን፣ አንድ የሚያስቸግር። «ወደ ግራዬ ካስገደዱኝ እቸገራለሁ።» «ታክል ካደረግኩ በኋላ ቶሎ አልነሳም።» መጀመሪያ ላይ ሼም ይኖራል። አሰልጣኙ ራሱ ቢጀምር ይቀላል።

ይህ እውቀት ወደ ኳስ መንጠቅም ይሻገራል። በ2015 የዓለም ዋንጫ አውስትራሊያ ማይክል ሁፐርንና ዴቪድ ፖኮክን አብራ አሰልፋ ለፍጻሜ ደርሳለች። ሁለቱም በመሠረቱ የአንድ ቦታ ተጫዋቾች ናቸው፤ ብዙ ሰው አብረው አይሄዱም ይል ነበር። ፖኮክ መሬት ላይ ያለ ኳስ ላይ ጎንበስ ብሎ ከያዘ ማንቀሳቀስ መከራ ነው። ጎረቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ አንተ ዝቅ ብለህ እግር ትይዛለህ፣ አጥቂውን ቶሎ ትጥላለህ፣ ቀሪውን ለእሱ ትተዋለህ። ጎረቤትህ እንዲህ ካልሆነ ደግሞ ኳሱን ማዘግየት የአንተ ሥራ ይሆናል።

ሁለት ሰው አንድን አጥቂ ሲይዝም ማን ዝቅ፣ ማን ከፍ እንደሚል ካልታወቀ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫሉ። ይህ የውጤት ጉዳይ አይደለም፣ የጤና ጉዳይ ነው። እንግሊዝ በ2023 ለአማተር ጨዋታ የታክሉን ከፍታ ከትከሻ ወደ ደረት አጥንት ግርጌ ያወረደችው ያለምክንያት አይደለም። የምትጫወቱበትን ውድድር ሕግ እዩ፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ «ደህና ነኝ» ቢልም ይውጣ።

አፍ

ዝም ያለ መስመር የተኛ መስመር ነው። ግን መጮህ ብቻውን ምንም አይሠራም። አሥራ አንድ ሰው በአንዴ «ና! ሂድ! ያዝ!» ሲል ማንም ማንንም አይሰማም። ጥቂት ቃላት ምረጡ፣ አጫጭር፣ ሁሉም በአንድ ትርጉም የሚረዳቸው። «ውጣ» ማለት መስመሩ አንድ ላይ ወደ ፊት። «ቆይ» ማለት ፍጥነት ቀንሰን ወደ ዳር እንግፋ። «አለሁ» ማለት ውስጥህን ይዣለሁ፣ አንተ ወደ ውጭ ሂድ። ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

አንድ ቃል ግን አግዱ፦ «ያንተ»። መስመር ላይ «ያንተ ነው» የሚል ሰው ኃላፊነት እያስተላለፈ ነው፤ የተባለው ሰው ላይሰማው ይችላል፣ ቢሰማም ላይስማማ ይችላል። ሁሉም የሚናገረው የራሱን ይሁን። «ኳሱ የኔ።» «ሁለተኛው የኔ።» አንድ አጥቂ ላይ ማንም «የኔ» ካላለ ሁሉም ያንን ዝምታ ይሰማዋል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ እንኳ በልምምድ ላይ ለውጡን ታዩታላችሁ።

መረጃው ደግሞ አቅጣጫ አለው። «አለሁ» የሚለው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል። የአጥቂ ቁጥር ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣል፤ ዊንጉና ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ፉልባክ ሜዳውን ሰፋ አድርገው ስለሚያዩ «እዚህ አራት ናቸው!» የማለት ግዴታ አለባቸው። በየአራት ዓመቱ ከአራት አገር ተጫዋቾች የሚሰበሰቡበት የብሪቲሽና አይሪሽ ላየንስ ዓይነት ቡድን ውስጥ ሁሉም የየራሱን የመጥሪያ ቃል ይዞ ይመጣል፤ ሳይቀራረቡ ሜዳ ከገቡ ጉድ ነው። እናንተም አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቃላቱን አስተምሩት፣ ሩጫው ይደርሳል።

ፈጥኖ መውጣት ወይስ ወደ ዳር መግፋት

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ መስመሩ ሙሉ በፍጥነት ወጥቶ አጥቂውን ኳስ ሳያስተካክል መያዝ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ታግሶ አጥቂውን ወደ ዳር እየነዱ ቦታ ማሳጣት ነው። በቴሌቪዥን የሚያምረው የመጀመሪያው ስለሆነ ሁሉም እሱን መኮረጅ ይፈልጋል።

ደቡብ አፍሪካ በ2019 የዓለም ዋንጫን ያነሳችው በዚህ ፈጥኖ በመውጣት ነው። የመከላከሉ መሐንዲስ ዣክ ኒናበር ነበር። በፍጻሜው እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲያሸንፉ ትራይ አልተቆጠረባቸውም፤ የእንግሊዝ 12 ነጥብ በሙሉ ከአራት ቅጣት ምት የመጣ ነው። በ2023 ደግሞ፣ ከእነዚያው ብዙዎቹ አሁንም አብረው ሆነው፣ ሩብ ፍጻሜን 29 ለ 28፣ ግማሽ ፍጻሜን 16 ለ 15፣ ፍጻሜን 12 ለ 11 አለፉ። ሦስቱም በአንድ ነጥብ! በፍጻሜው ፒተር-ስቴፍ ዱ ቶይት ብቻውን 28 ታክል አድርጓል። ሰው ስለ 28ቱ ያወራል። እኔን የሚገርመኝ እሱ አንዱን ጥሎ ወደሚቀጥለው ሲሮጥ የተወውን ቦታ የሚሞላው ሰው ሁልጊዜ እዚያ መሆኑ ነው።

ፈጥኖ የሚወጣ መስመር ከዳር በኩል ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ይህ የታወቀ ዋጋው ነው። አጥቂው በረጅም ቅብብል ወይም በምት ዳር ላይ ካደረሰው ሁሉም ዞሮ መሮጥ አለበት። ማን ወዴት እንደሚሮጥ የሚታወቀው አብሮ በመቆየት ነው። ስለዚህ የኔ ምክር አዲስ ቡድን ወደ ዳር በመግፋት ይጀምር ነው። ሦስቶቹ ሲግባቡ ፍጥነቱን ጨምሩ። ገና ሳይተዋወቁ ፈጥነው የሚወጡ ሰዎች ግድግዳ አይሆኑም፤ የፈረሰ ጥርስ ነው የሚመስሉት።

ራክ አጠገብና ከኋላ

ከራኩ ግራና ቀኝ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁለት ሰዎች ቦታቸውን ጮክ ብለው ይናገሩ፦ «አንድ!» «ሁለት!»። እዚያ ጋ ሰው ከሌለ የተጋጣሚ ስክረም ሃፍ፣ ኳሱን ከራኩ የሚያወጣው ተጫዋች፣ ራሱ ይዞት ይሮጣል። የተለመደው ስህተት የተሸነፈ ራክ ውስጥ ሦስት ሰው መግባት ነው። ኳሱ ከሄደ ተዉት፣ ውጡ፣ መስመር ሙሉ። ከራኩ አንድ ወገን ብቻ መከማቸትም እንዲሁ፤ የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ።

ከኋላ ያሉትን በአጭሩ ልበል። ሁለቱ ዊንጎችና ፉልባኩ በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ይንቀሳቀሱ፤ አንዱ ዊንግ ወደ መስመሩ ሲወጣ ፉልባኩ ወደ እሱ ወገን ይሳባል፣ ሌላው ዊንግ ወደ ኋላ ይወርዳል። ከ2021 ወዲህ፣ ከራሱ ግማሽ ሜዳ መትቶ ኳሱ ነጥሮ ከተጋጣሚው የግብ መስመር እስከ 22 ሜትር ባለው ክልል ወደ ውጭ እንዲወጣ የሚያደርግ ቡድን ላይን አውቱን ራሱ ስለሚወረውር፣ ከኋላ ሰው ማሳነስ ያስቀጣል።

አዲስ ሰው ሲገባ፣ ነባሩ ሲወጣ

አዲስ ተጫዋችን በሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች መሃል አስገቡት። 13 ላይ አትወርውሩት። ተቀያሪ ስታስገቡም 12ን እና 13ን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ካልቸገራችሁ በቀር አንዱ ይቆይና ሌላውን ያላምድ። ተቀያሪዎቹም በሳምንት አንድ ቀን ከቋሚዎቹ ሦስቶች ጋር ይሰለፉ፤ ጉዳት ቀጠሮ አይሰጥም።

ቪዲዮ ስታዩ መስመሩ ከመሰበሩ ሁለት ሰከንድ በፊት አቁሙት። ሦስቱንም «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ማን ነው ያጠፋው?» አትበሉ። በአንድ ወቅት የነበርኩበት ቡድን አሰልጣኝ ታክል የሳተውን ሰው በሁሉም ፊት ያሸማቅቅ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ምን ሆነ መሰላችሁ? ማንም ፈጥኖ አይወጣም፣ ምክንያቱም የወጣ ሊስት ይችላል። ሁሉም ወደ ኋላ ቆሞ ጥፋቱ የሌላ እስኪሆን ይጠብቃል። ትራዩ በዛ፣ ጩኸቱም በዛ።

መግባባታችሁን መለካት ስትፈልጉ በልምምዱ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ደክሞት ሳለ፣ አምስት ደቂቃ አፍ ዘግታችሁ ተከላከሉ። ቃል የለም፣ ምልክት የለም። ትራይ ይገባል፣ አትደንግጡ። እናንተ ዳር ቆማችሁ መስመሩ የተከፈተው በማንና በማን መሃል እንደሆነ ብቻ ጻፉ። በሚቀጥለው ልምምድ ገመዱን መጀመሪያ የምታስይዙት እነዚያን ሁለቱን ነው።